ተቀባዩ

ስለ ትሕትና ብዙ ግጥም ጽፌአለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝሙር ክፍል ሳገለግል፣ «ታናሽ ነኝ»፣ «ትቢያ ነኝ» የሚሉ ስንኞች ከእኔ ብዕር የወጡትን ያህል ከማንም አልወጡም። ምእመናን በእልልታ ሲቀበሏቸው ዓይኔን ሰበር አደርጋለሁ፤ ጆሮዬ ግን ቀና ብሎ የእልልታውን ርዝመት ይለካ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ለኅዳር ሚካኤል የሚሆን አዲስ መዝሙር እንዲዘጋጅ ተነገረ። የሚቀርቡትን ግጥሞች የምመረምረው እኔ ነበርሁ፤ ከሚቀርቡትም መካከል የራሴ ነበረበት። (ይህ ማናችንንም እንዴት እንዳልከነከነን ዛሬም ይገርመኛል።) አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ በጥናት ሰዓት ከኋላ ረድፍ የማትጠፋ፣ ድምፅዋ ግን እምብዛም የማይሰማ፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አጣጥፋ ሰጠችኝ።

ወረቀቱን ያነበብሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቅዱስ ሚካኤል እስራኤልን በምድረ በዳ መምራቱ የሚታሰብበት በዓል ነው። እኔ በግጥሜ ባሕሩን ከፍዬ፣ የፈርዖንን ሠረገላ አስጥሜ፣ ከግእዝ የተዋስኋቸውን ቃላት በየቤቱ ደርድሬ ጨርሼአለሁ። እርሷ ስለ ባሕሩ አንድም ነገር አላለችም። የደመናውን ዓምድ፣ እናት በመንገድ ላይ ልጇን ከፀሐይ ለመከለል ከትከሻዋ አውርዳ በምትዘረጋው ነጠላ መስላዋለች። ስምንት መስመር ብቻ ነው። መውረጃዬን አልፌ ሄድሁ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ይህን ስለ ራሴ መመስከር እወዳለሁ፤ መጀመሪያስ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቴ ስደርስ ግን ደስታው መርሮ ነበር።

በሳምንቱ፣ «ምሳሌው ከነገረ መለኮት አንጻር ጥንቃቄ ይሻል፤ ሦስተኛው መስመርም ያነክሳል» አልኋት። ስለ ሦስተኛው መስመር የተናገርሁት እውነት ነበር። የቀረው ቅናት ነው። ቅናት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በገዛ ስሙ አይገባም፤ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ለሥርዓት ተቆርቋሪ መስሎ ነው የሚገባው። «እሺ፣ ጋሼ» ብላ ሄደች። በዚያ ዓመት የእኔ መዝሙር ተዘመረ። ወረቀቷም ከእኔ ዘንድ፣ በአሮጌ መዝሙሮች አቃፊ ውስጥ ቀረ።

ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ዘመዴን ተከትዬ ለንግሥ በዓል ወደ ጎጃም ሄድሁ። ጎጃም የእነ ዋሸራና የእነ ጎንጅ አገር ነው፤ ቅኔ እዚያ እንደ ጤፍ ይበቅላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌሊቱን በቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ቆሜ አደርሁ። ቅኔ ሲቀርብ ዘራፊው የፈጠረውን በለሆሳስ ይነግራል፤ ተቀባዩ ሰምቶ በዜማ ከፍ አድርጎ ለጉባኤው ያደርሳል። ቅኔው የዚያች ዕለት ፍሬ ነውና ተቀባዩ ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ቢሆንም፣ አንዲት ቃል ከጣለ ወርቁ ከሰሙ ጋር ይወድቃል።

ዘራፊው ጢሙ ገና ያላቀመቀመ የቅኔ ተማሪ ነበር። ተቀባዩ ደግሞ መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙ አዛውንት መሪጌታ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የልጅ ልጃቸው ሊሆን ወደሚችለው ብላቴና ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ሁለተኛው ቤት ሲደርሳቸው ጥቂት ዝም አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ያን ሁሉ ዘመን የገሩትን ድምፅ ለልጁ ቃል አዋሱት። ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» አሉ። እኔ ግእዜ እዚያ ስለማያደርሰኝ ወርቁን አላገኘሁትም፤ በአዛውንቱ ፊት ላይ ግን አየሁት። የራሳቸውን ቅኔ ቢያቀርቡ ማን ይከለክላቸው ነበር?

ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ እንደ ተከለ፣ ሁለቱም ግን እንዳላወቁ ይተረካል። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ታሪክ የሰማሁት ስለ ያሬድ እግር ነው። በዚያ ሌሊት ግን ያሰብሁት ንጉሡን ነው። አክሱምን ያህል መንግሥት ይዞ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ሲሰማ በእጁ የያዘውን ጦር የረሳውን።

አዲስ አበባ እንደ ተመለስሁ አቃፊውን አወጣሁ። ልጅቱን ማግኘት አላስቸገረኝም፤ አግብታ፣ ወልዳ፣ እዚያው ደብር ነው የምታስቀድሰው። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ወረቀቱን ሰጥቻት ያደረግሁትን ከነምክንያቱ ነገርኋት። ስለ ነገረ መለኮቱም፣ ስለ ቅናቱም። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበረኝ፤ በመካከሉ አቋረጠችኝ።

«ከዚያ ወዲህ እኮ ጽፌ አላውቅም» አለች። ወቀሳ አልነበረበትም፤ የልጆቿን ዕድሜ እንደምትነግረኝ ሁሉ ነበር የነገረችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ወረቀቱን ዘርግታ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ሳቅ አለችና፣ «ሦስተኛው መስመርስ እውነትም ያነክሳል። እስክሪብቶ ይኖራል፣ ጋሼ?» አለችኝ።