ቬስፓዋ ከክረምት ስትወጣ

አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሰባተኛ ሰፈር ያደገ ሰው የክረምቱን ጭቃ ሳይነግሩት ያውቀዋል። ሐምሌ ሲገባ የቆርቆሮው ጣሪያ ሰው አያነጋግርም። ቦዩ ሞልቶ ውሃው አስፋልቱን ይሻገርና ሱቅ ደጃፍ ይደርሳል፤ ወዛደሩ ጆንያ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ከነሸክሙ ይሮጣል። ጋሼ ቬስፓውን የሚያቆማት ያኔ ነበር።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው ሰዓት መጠገን ሲሆን፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችው። ከመርካቶ ሱቆች የተበላሸ ሰዓት የሚሰበስበውም፣ የተሠራውን የሚመልሰውም በቬስፓዋ ነው። ሱፐር 150 የሚሏት ዓይነት ናት፦ ሞተሯ 145 ሲሲ፣ ማርሿ አራት፣ ጎማዋ 8 ኢንች። እንዲህ ያለ ትንሽ ጎማ ውሃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ከገባ አሽከርካሪውን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ጋሼ ሐምሌንና ነሐሴን በእግሩ ነበር የሚሄደው።

ሲያቆማትም ወግ ነበረው። የቤንዚን መዝጊያውን ይዘጋና ሞተሩ በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ይጠብቃል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን እንዳይከርም ነው። ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ ያደርግና መርገጫውን አንዴ ሁለቴ ቀስ ብሎ ይረግጣል። መቆሚያዋ ላይ ካቆማት በኋላ ከፊት በኩል ጣውላ ያስገባል፤ ሁለቱም ጎማ ከመሬት ይነሳል። የሚያለብሳት አሮጌ ሸራ ነው። ላስቲክ አያስጠጋም ነበር፤ “ላስቲክ ያልባታል፣ ላቡ ዝገት ነው” ይላል።

እኔ ሞተር የወደድኩት መስከረም ላይ፣ ያቺ ሸራ ስትገፈፍ ነው። ዘመኑ የ1970ዎቹ ማብቂያ ነው። እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ጋሼ ቬስፓዋን እየገፋ ግቢው መሐል ያወጣታል። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበን “አስነሳት! አስነሳት!” እንላለን። እሱ ግን አይቸኩልም። “መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ እጅ። እግር መጨረሻ ነው” ይለናል። መርገጫውን ቀድሞ የሚረግጥ ሰው አይጥመውም ነበር። ልጆቹ ሲሰለቻቸው ወደ ኳሳቸው ይሄዳሉ፤ እኔ እቀራለሁ።

ዓይን ማለት ዙሪያዋን መዞር ነው። መሬት ላይ የዘይት ጠብታ ካለ ከየት እንደመጣ ይፈለጋል። የቬስፓ አካሏ ራሱ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝገት የሚጀምራት ከእግር መርገጫዋ ነው፤ ጎማ ንጣፉ ሥር ውሃ ይተኛል። የጎማዎቹ ጎን የተሰነጠቀ እንደሆነ ይታያል። ቀጥሎ የቤንዚን ሰልባቲዮውን ክዳን ከፍቶ ባትሪ ያበራና “ምን ይታይሻል?” ይለኛል። ታቹ ቀይ ዱቄት ከያዘ ዝገት ገብቷል ማለት ነው።

እጅ ረጅሙ ክፍል ነበር። አሮጌው ቤንዚን ይቀዳና ለዕቃ ማጠቢያ ይቀመጣል። ጋሼ የከረመውንና አዲሱን አፍንጫዬ ሥር እያፈራረቀ ያስሸትተኛል፤ የከረመው ኃይሉ ተንኖ ቀለም ቀለም ይሸታል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመዶች በሽፋናቸው ውስጥ ዘይት እንዲወርድባቸው ተሰቅለው ያድራሉ። የፍሪሲዮኑ ሳህኖች ተጣብቀው ስለሚከርሙ ማርሽ ያስገባና መያዣውን ጨብጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዘውዛታል፤ ሲላቀቁ “ጠቅ” ይላሉ። ያቺን “ጠቅ” ከሱ ቀድሜ ለመስማት ጆሮዬን አስጠጋለሁ። የማርሹ ዘይት 250 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ የጠቆረው ወጥቶ ንጹሕ ይገባል።

ሁሉንም የሚያስረሳው ካርቡሬተሩ ነበር። ጋሼ ሰዓት ሲሠራ የሚቀመጥባትን ዱካ አውጥቶ ነጭ ጨርቅ ጭኑ ላይ ያነጥፋል፤ ሲፈታም ዕቃዎቹን በተፈቱበት ተራ ይደረድራል። ከመካከላቸው የጣት ጥፍር የማታክል የነሐስ ብሎን አለች፤ መሐሏ ቀዳዳ ነው። ሞተሩ ሲሮጥ የሚጠጣው ቤንዚን አብዛኛው በዚያች ቀዳዳ ያልፋል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ካለ ተንኖ ሙጫ ይተዋል፤ ሙጫው እሷን ከደፈነ ሞተሩ ቢነሳም ቤንዚን ሲሰጡት ይጠፋል። ጋሼ የሰዓት ሠሪ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ወደ ፀሐይ ያያታል፤ ከዚያ መነጽሩን ለኔ ይሰጠኛል። ጠርዟ ላይ ቢጫ ቅርፊት ይታየኛል። መርፌ ላመጣለት ብነሳ “መርፌ ያሰፋታል፤ ከሰፋች ደግሞ አትመለስም” አለኝ። የሚያጸዳት ከአያቴ ጭራ በተነቀለ የፈረስ ፀጉር ነው። ፀጉሩን ቤንዚን ነክሮ አንዴ ሳብ፣ አንዴ ገፋ ያደርግና እፍ ይልባታል።

አያቴ ጭራዋ መሳሳቱን ስታይ “ይቺን ልጅ ቤንዚን በቤንዚን አደረግሃት እኮ! ሴት ልጅ ናት!” ብላ ትቆጣለች። እሱም ቀና ሳይል “እጇ ይታጠባል እማዬ፤ ያየችው ግን አይታጠብም” ይላታል።

ካንዴላው ለምን ጥላሸት እንደሚለብስ ያስረዳኝም እንደዚያው ዱካው ላይ ሆኖ ነው። ቬስፓን በ1938 ዓ.ም. ለፒያጆ ኩባንያ የቀረጸው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ፋብሪካው ያለባት የኢጣሊያ ከተማ ፖንቴዴራ ደግሞ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለዚያ አገር የተለካው ቀዳዳ እዚህ ከአየሩ የበለጠ ቤንዚን ያጠጣል፤ ትርፉ ጥላሸት ይሆናል። ስለዚህ ጋሼ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ብሎን አስፈልጎ ነበር ያስገባላት። ከመርካቶ አካባቢ ወጥቼ የማላውቅ ልጅ፣ የምኖርባት ከተማ ከፍታ ላይ መሆኗን የተረዳሁት ከካንዴላ ነው።

ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ካልተደባለቀ ይህ ሞተር ይነክሳል። ድርሻው ከመቶ ሁለት ነው፤ ለአምስት ሊትር 100 ሚሊ ሊትር። ጋሼ የሚለካው መስመር ባላት የሽሮፕ ጠርሙስ ነበር። ጀሪካኑን መናጥ የኔ ሥራ ነው።

እግር በመጨረሻ ይመጣል። ካንዴላው ሳይገባ መርገጫው ቀስ እየተባለ ይረገጣል፤ መዳፌን ቀዳዳው ላይ አድርጌ የሚገፋኝን ትንፋሽ እጠብቃለሁ። ካንዴላው ተቦርሾና ክፍተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ተለክቶ ይገባል። ከዚያ ጋሼ ይረግጣል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ይሞላል። ስትነሳም ቤንዚን አይሰጣትም። ከክረምት የወጣ ሞተር እንደ አራስ ነው፤ ቀስ እየተባለ ይለምዳል። እስክትሞቅ ይጠብቃል፣ ፍሬኑን እዚያው ግቢ ውስጥ ይሞክራል፤ ከዚያ በኋላ ነው በሩ የሚከፈተው።

የመስቀል ሰሞን መርካቶ ሌላ አገር ይሆናል። የጉራጌ ነጋዴዎች ለበዓሉ አገር ቤት ስለሚገቡ ከመስቀል በፊት አውቶቡስ ተራ በሰውና በዕቃ ይጨናነቃል፤ ከዚያ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ይለቀቃል። ጋሼ የሚያወጣኝ ያን ጊዜ ነው። ከፊቱ እግር መርገጫው ላይ ቆሜ መሪውን እይዛለሁ። ከሰባተኛ ተነስተን በአውቶቡስ ተራ በኩል ወደ ጎጃም በረንዳ፣ ተመልሰን ወደ ራጉኤልና ወደ አንዋር መስጊድ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ከታች የሚንቀጠቀጠው ነገር እንግዳ አልነበረብኝም። ማርሹ ሲገባ የትኞቹ ሳህኖች እንደተላቀቁ፣ ስትፈጥን ቤንዚኑ በየትኛዋ ቀዳዳ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። የዚያ ጉዞ ደስታ ከዚህ እውቀት የመጣ ነበር።

ዛሬ የከተማችን ሞተሮች ሌሎች ናቸው። አብዛኞቹ ዘይት ከቤንዚን አያደባልቁም፤ በቁልፍ ይነሳሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም መጥተዋል። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት ቀርቷል። ክረምቱ ግን አልተለወጠም። ሁለት ወር የቆመ ባትሪ ይደክማል፣ ሰንሰለት ይዝጋል፣ ጎማ ይጎድላል፣ ፍሬን ይይዛል። እኔም ሞተሬን በየመስከረሙ የማወጣት በጋሼ ተራ ነው፦ ዓይን፣ እጅ፣ እግር።

ዘንድሮ ሞተራችሁን ከሸራ የምታወጡ ሁሉ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ብቻችሁን አትሥሩ። ግቢው ውስጥ “አስነሳት” የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ወንድ ይሁን ሴት ጠርታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት። ካንዴላውን አስይዙት፣ ቤንዚኑን አስሽትቱት፣ ቀዳዳዋን በፀሐይ አሳዩት። ሥራው እጥፍ ጊዜ ይወስድባችኋል፤ ይውሰድ።