ካሜራ ይዞ ሶዶ መርካቶ መግባት

ስለ ጎዳና ፎቶግራፍ የተጻፉ የውጭ መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው አንድ ምክር ደጋግሞ ያገኛል፤ «አትታይ» የሚል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ካርቲየ ብሬሶን የላይካ ካሜራውን የሚያብለጨልጭ ብረት በጥቁር ፕላስተር ይሸፍን እንደነበር ይነገራል። ሰው ሳያውቅበት ለማንሳት ነው። እንግዲህ ይህ ዘዴ ለፓሪስ ይሠራ ይሆናል፤ ለወላይታ ሶዶ ግን አይሠራም ባይ ነኝ። እንዲያውም እዚህ ፎቶ አንሺን ጣጣ ውስጥ የሚከተው መደበቁ ነው።

ሶዶ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ የሚመጣው ሁሉ ያልፍባታል። ቢሆንም መርካቶ ገብታችሁ ጉልት ላይ የተቀመጠች እናት ብትጠይቁ፣ ከጎኗ የምትሸጠውንም፣ ከፊቷ ባጃጅ የሚያቆመውንም፣ ሊስትሮውንም በስም ታውቃለች። እንግዳ ወዲያው ይለያል። ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ መልእክት የሚያነብ መስሎ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ከእንግዳም በላይ ያስጠረጥራል። «ይሄ ልጅ ምን ፈልጎ ነው?» ከተባለ በኋላ የሚመጣውን የደረሰበት ያውቀዋል። ሰው ይሰበሰባል፣ አንዱ ካሜራውን ይይዛል፣ ሌላው «ፖሊስ ይጠራ» ይላል፤ በግርግሩ መሃል ኪስ የሚገባ እጅም አይጠፋም።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ ይህን «የግንዛቤ እጥረት» ይሉታል። እኔ አልስማማም። ሰው ካሜራን የሚጠረጥረው ካሜራ ምን እንደሚያደርግ በደንብ ስለሚያውቅ ነው። ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ዕቃዋን ጠቅልላ የምትሮጥ ሴት፣ ፎቶዋ ለማን እንደሚታይ ብትጠይቅ ምን ይገርማል? በነሐሴ 2012 የዞኑ አመራሮች ከታሰሩ በኋላ በተነሳው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያን ቀን መንገድ ላይ የነበረ ሰው ፊቱ በማን ስልክ ውስጥ እንደቀረ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ረሃቡ አለ። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ኋላ ላይ ሲመጣ መሬቱ አረንጓዴ ለበሰ፤ እህሉ ግን ገና አልደረሰም ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች «አረንጓዴ ረሃብ» አሉት። የተጎዱ የወላይታ ሕፃናት ፎቶ ዓለምን ዞረ። እርዳታ አምጥቶ ይሆናል፣ አልክድም። ግን የሕፃናቱን እናቶች ስም ከፎቶው ሥር ያነበበ ስንት ነው? መጀመሪያ መርካቶ በወጣሁ ሰሞን አንዲት ቦዬ የምትሸጥ እናት ካሜራዬን አይታ «ድህነታችንን ልትሸጪው ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «ቦዬሽ አምሮኝ ነው፣ እናቴ» አልኳትና ሁለት ኪሎ ገዛሁ። እውነትም አምሮኝ ነበር፤ ከነአፈሩ፣ በጠዋት ብርሃን። ስንጨዋወት ቆየንና በመጨረሻ «በይ ቦዬውን አንሺ፣ እኔን ተይኝ» አለች። እጇን ብቻ ጨምሬ አነሳሁ፤ እሱንም አሳይቻት እሺ አለች።

ፎቶ ቤት አሳጥቤ በሳምንቱ ወሰድኩላት። ይህ ነው እንግዲህ የኔ ትልቁ የደህንነት ዘዴ። አንድ የታጠበ ፎቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጉልት ወደ ጉልት ሲዞር ስለ እኔ የሚናገረውን እኔ ለአንድ ወር ብለፈልፍ አልናገረውም። አሁን በዚያ መስመር ሳልፍ «ፎቶ መጣች» ይሉኛል። ባለፈው አንድ ልጅ ቦርሳዬን ሲጎትት ቀድመው የጮሁት እነሱ ናቸው።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ልብ በሉ፣ ስለ ማሳየትና ስለ ማባዛት እንጂ ስለ ማንሳት አይደለም። ቁጥር 28 ደግሞ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ወይም በዓል ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲከበር ዱንጉዛ ለብሶ የሚጨፍረውን ሕዝብ ስናነሳ ይህ ይጠቅመናል፤ ያን ቀን እንዲያውም «አንሺን» ብሎ የሚጎትተን ይበዛል። ጉልት ላይ የተቀመጠች ሴት ግን በዓል እያከበረች አይደለም። ቁጥር 28ን ይዞ እሷ ጋር መሟገት ለእኔ ነውር ነው።

ዘበኛና ፖሊስ ፊት ደግሞ ቁጥር መጥቀስ ብዙም አያዋጣም። ሶዶ በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ መሥሪያ ቤቱ በዝቷል፤ መሥሪያ ቤት ባለበት ዘበኛ አለ። አንድ ቀን ወደ ማታ ባጃጆች ሳነሳ ከአንድ በር «አንቺ፣ ነይ እስቲ! ምን አነሳሽ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሄድኩ። መሸሽ ጥፋተኛ ያስመስላል። «ሳሮ» ብዬ በወላይትኛ ሰላም አልኩና «ጋሼ፣ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ» ብዬ መታወቂያዬንና ከትምህርት ክፍላችን የተጻፈልኝን ደብዳቤ ሰጠሁ፣ ፎቶዎቹንም አሳየሁ። ደብዳቤው ላይ ያለውን ማኅተም ረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ ሁለቱን አጥፊ አሉኝ፤ አጠፋሁ። ከባጃጅ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረባቸውም፤ መብት አላቸው ብዬም አላምንም። ግን እየመሸ ነበር፣ ብቻዬንም ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አልወጣም። አብራኝ የምትሄደው ልጅ ፎቶ አታነሳም፤ ሥራዋ ጀርባዬን ማየት ነው። ሌንስ ውስጥ ዓይኑን የከተተ ሰው ግማሽ ዕውር ነውና። መናኸሪያ አካባቢ ቦርሳ በፊት በኩል፣ የካሜራ ማንገቻ እጅ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጀርባ ለሱቅ ግድግዳ ይሰጣል። ሴት መሆኔ እናቶቹን ያቀርብልኛል፤ የባጃጅ ወጣቶቹን ደግሞ ከሚገባው በላይ ያቀርብብኛል። ለነሱ መድኃኒቱ ቀድሞ ሰላም ማለትና ሥራ መቀጠል ነው፤ አንገት መድፋት ያባብሰዋል።

ትልቅ ካሜራ የለኝም ብላችሁ የቀራችሁ ካላችሁ፣ የአዲስ አበባው ግርማ በርታ የከተማውን መንገደኞች በስልክ አንስቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አግኝቷል። ስልክ ይበቃል።

መውጣት የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር ላይ አለን። መታወቂያ ያዙ። ማዶ ዝንጅብል የሚሸጡትን አባት ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ አይነሱም። ሦስት ወር ሙሉ ሰላም ብያቸዋለሁ፣ ዝንጅብልም ገዝቻለሁ፣ አሁንም እምቢ ብለዋል።