አባቴ ሸማኔ ነው



አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በሥራዬ ነው፤ ኦቬድ ሶሲያሊ ነኝ። ከቢቱዋህ ሌኡሚ የመጣ ደብዳቤ ሳነብላችሁ፣ ቅጽ ሳስሞላችሁ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ የምጽፍላችሁ በሰፈራችን ማትናስ ማክሰኞ ማክሰኞ ስለምናደርገው የክርና የጥልፍ ሁግ ነው። ግን ነገሩ የሚጀምረው ከቅጽ ስለሆነ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለማንም ካልተናገርኩት ነገር ልነሳ።

እስራኤል የገባነው በ1991 (እ.ኤ.አ.) በሰሎሞን ዘመቻ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ አምቦበር አካባቢ ሸማኔ ነበር፤ እናቴ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲልክ የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ወርደን መሄጃችንን ስንጠብቅ መሸመኛው እዚያው አገር ቤት ቀረ። ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲጓጓዝ እንኳን መሸመኛ፣ ጫማም ያላደረገ ነበር። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ከገባን ከጥቂት ወራት በኋላ ከአባቴ ጋር አንድ ቢሮ ሄድን። ዕብራይስጥ የምችለው እኔ ስለሆንኩ አፉ እኔ ነበርኩ። ጸሐፊዋ «ሙያው ምንድን ነው?» አለች። ጠየቅኩት። «ሸማኔ ነኝ በላት» አለኝ፣ ቀና ብሎ። እኔ ግን ሸማኔን በዕብራይስጥ ምን እንደሚሉት አላውቅም። በእጄ ላሳያት እችል ነበር እኮ። ከኋላችን ግን የክፍሌ ልጅ ከእናቱ ጋር ወረፋ ይጠብቃል። አፈርኩ። «ኤን ሎ» አልኳት፤ የለውም ማለቴ ነው። እሷም «ብሊ ሚክፆዓ» ብላ ጻፈች። ያለ ሙያ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ፋብሪካ ሲያጸዳ ኖረ፤ ኋላም የትምህርት ቤት ሾሜር ሆኖ ጡረታ ወጣ። ክር የሚባል ነገር ዳግም አልነካም።

አሁን ወደ ሁጉ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስንጀምር ሐሳባችን ጥሩ ነበር። አያቶችና የልጅ ልጆች አብረው ይቀመጡ፣ የአያቶቹ ብቸኝነት ይቀንስ፣ ልጆቹም ከመንገድ ላይ ይሰብሰቡ አልን። አሠራሩ ላይ ግን ተሳሳትኩ። ሥዕል የታተመበት ጨርቅ፣ የፕላስቲክ መርፌና ባለቀለም ክር በሣጥን ገዛሁ። አንዲት ወጣት አስተማሪ በዕብራይስጥ ታስረዳለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፤ እናቶቻችን ቁጥር እየተከተሉ የአበባ ሥዕል ይሞላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ እናቶች መጡ። በሦስተኛው ሳምንት አራት ብቻ ቀሩ። አንዷን መንገድ ላይ አግኝቼ «እማማ፣ ምነው ጠፉ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኛን እንደ ጋን ሕፃን ታጫውተን ጀመር እንዴ?» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ የሸማኔ ልጅ ፈታዮችን ሰብስቤ የመርፌ አያያዝ ላስተምር ተነሥቻለሁ። ያኔ በልጅነቴ «የለውም» ያልኩትን፣ አሁን ደመወዝ እየተከፈለኝ ደገምኩት ማለት ነው።

እኚያን እናት ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። «እርስዎ ያስተምሩን፤ እኔ ወንበር አዘጋጃለሁ» አልኳቸው። እንዝርታቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። እኔም ፍሬው ያልወጣ ጥጥ አንድ ከረጢት አፈላልጌ አመጣሁ። መጀመሪያ ፍሬውን በብረት ዘንግ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዳመጡት። አንድ አባት ከእንጨትና ከገመድ በሠሩልን ደጋን ተነደፈና ባዘቶ ሆነ። ከዚያ እንዝርቷን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ለቀቋት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጆቹ ስልካቸውን አወጡ፤ ሊጫወቱበት ሳይሆን እሳቸውን ሊቀርጹ።

አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። በትምህርት ቤት አስቸግሮ ወደ እኔ የተላከ ልጅ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ይሄ የባኖት ሥራ ነው» አለ። ደጋኑን የሠሩት አባት ሰሙት። «መፍተል የሴት ነው፤ ልክ ነህ። መሸመን ግን የወንድ ነው። የማትፈትል ከሆነ ና ክር ያዝ» አሉት። ሳቀና ገባ። ትንሽ ቆይቶ እንዝርቱንም ልሞክር አለ። ክሩ ተበጠሰበት። ደግሞ ተበጠሰበት። እማማ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው የተበጠሰውን ጫፍ ከባዘቶው ጋር ሲቀጥሉት፣ «ኢኽስ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁላችንም ሳቅን። በስምንተኛው ሳምንት እሱ ራሱ ጣቱን እየላሰ ሲቀጥል አየሁት።

ከዚህ ልጅ አንድ ነገር ገባኝ። በየቤታችን ሁልጊዜ የማያውቀው ወላጁ ሆኗል። ደብዳቤውን የሚያነበው ልጁ ነው፤ ስልኩን የሚያስተካክለው ልጁ ነው። አስተማሪው ወላጁን ሲጠራ እንኳ አስተርጓሚው ልጁ ነው፤ የራሱን ጥፋት ራሱ ይተረጉማል! እንዝርቱ ፊት ግን የማያውቀው ልጁ ነው። ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ «ሳቭታ፣ እንዴት ነው?» ይላል። ለሁለት ሰዓትም ቢሆን ነገሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አሠራራችንን ለምትጠይቁኝ በአጭሩ ልንገራችሁ። በአንድ ጠረጴዛ ሦስት ሰው እናስቀምጣለን፤ አንድ አያት፣ አንድ ወላጅ፣ አንድ ልጅ። ልጁን ከገዛ አያቱ ጋር ሳይሆን ከሌላ ሰው አያት ጋር ማስቀመጥ መጀመሪያ ላይ ይሻላል፤ ለሌላ ሰው ትዕግሥት አለው። ትንንሾቹ ክር ያጠነጥናሉ፣ ዓይናቸው ጥሩ የሆነ ወጣቶች መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ። ዓይናቸው የደከመ እናቶች መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ጥቁር ጨርቅ ጭናቸው ላይ ያነጥፋሉ፤ ነጩ ክር ጎልቶ ይታያቸዋል። ጎንደር ሲጠብቁ ጥልፍ የሠሩ እናቶች ጥልፉን ይመራሉ። ትግርኛ ተናጋሪ እናቶችም አሉን፤ እጅ ስለሚያሳይ ቋንቋ አላስቸገረንም።

አባቴን ግን ለሁለት ዓመት ለምኜው እምቢ አለ። «አገር ቤት ርስት ከለከሉን፣ በእጃችን ሠርተን ስንበላ ደግሞ ቁጢት በጣሽ ብለው ሰደቡን። እዚህም የፈለገው የለም። አሁን ለጨዋታ ላድርገው?» ይለኛል። ምን እመልስለታለሁ?

ባለፈው ሐኑካ ሰሞን ልጄን ሊወስድ መጣና በር አጠገብ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ልቃቂት ነበር። አነሣው። ክሩን መዝዞ በሁለት ጣቱ ወጠረው፤ ተበጠሰ። «ይሄ ለማግ ይሆናል እንጂ ለድር አይሆንም» አለ። «ድር ጠበቅ ብሎ ካልተከረረ ውጥረቱን አይችልም። የፋብሪካ ክር የላችሁም?» ነበረን። ኮቱን አወለቀ። ወንበሮቹን ግራና ቀኝ አራርቆ ክሩን ከወንበር ወንበር እየተመላለሰ ዘረጋው። ያ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጫፉን ያዘለት። አባቴ ያን ያህል ሲመላለስ ካየሁት ዘመን የለውም።

ልጄ በዕብራይስጥ «አባ፣ ሳባ ድሮ ምን ነበር?» አለችኝ።

«ኦሬግ» አልኳት። ሸማኔ። ቃሉን ካወቅኩት ቆይቷል፤ ስለ አባቴ ስናገረው ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነገርኩት። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ። ትንሽ ዝም አለና «አውቃለሁ» አለኝ። «ኤን ማለትህን ሰምቻለሁ። ይህቺን ቃል ያኔም አውቃት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ልጅ ነበርክ። ደግሞስ ቃሉን ብታውቀው ሴትየዋ መሸመኛ ልትሰጠኝ ኖሯል?»

ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ ግን «ለማክሰኞ የፋብሪካውን ክር ጨምራችሁ ግዙ፤ ያለው አይበቃም» አለኝ።

እናቶቼና አባቶቼ፣ በእናንተስ ፋይል ላይ ምን ተብሎ ተጽፎ ይሆን? በሥራዬ «ብሊ ሚክፆዓ» የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩትም። ከዚያ ቃል ጀርባ ሸማኔ፣ ፈታይ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ አለ። የጻፉት እነሱ ቢሆኑም፣ ለልጆቻችን ሳንናገር የቀረነው እኛ ነን። ስለዚህ ቃሎቹን ያዙልኝ፦ ሸማኔ ኦሬግ ነው። ቀጥቃጭ ናፓኅ ይባላል። ሸክላ የምትሠራ ካዳሪት፣ ጥልፍ የምትጠልፍ ሮኬመት፣ ጥጥ የምትፈትል ቶቫ ትባላለች። ዛሬ ማታ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ሲመጣ በሁለቱም ቋንቋ ንገሩት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሩ ክፍት ነው። እንዝርት ያላት ይዛ ትምጣ። ሸማኔ የነበራችሁ አባቶች ደግሞ፣ የማትናሱን ወለል ጉድጓድ መቆፈር አይፈቀድልንምና መላ ይዛችሁ ኑ። አባቴ ብቻውን ነው፣ አጋዥ ይፈልጋል።