የጉና ውሃና የቤታችን መኪና

የኤሌክትሪክ መኪና ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ዋጋውንና ፍጥነቱን ነው። እኔ ግን ይህ መኪና በአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ ውስጥ ገብቶ ምን ልማድ እንዳመጣ፥ በአንድ የጭንቅ ቀንም ምን እንዳስተማረን፥ በጋይንት ደጋ ላይ ካየሁት ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ሲነገር፥ እኔና ባለቤቴ ለመኪና መግዣ ገንዘብ እናጠራቅም ነበር። ባለቤቴም «በነፋስ መውጫ መብራት የጠፋ እንደሆነ ለቤቱ ሻማ እናበራለን፤ ለመኪናውስ ምን እናበራለታለን?» ብላ ተከራከረችኝ። እኔ ደግሞ ቤንዚን ሲጠፋ የምንቆመውን ረጅም ወረፋ አስታወስኋት። ሁለታችንም እውነት ይዘን ነበርና ክርክሩ ብዙ ቀን ቆየ። በመጨረሻ አባቴ በጓሯቸው ለብዙ ዘመን ያሳደጉትን ባሕር ዛፍ ሸጠው የጎደለውን ሞሉልንና መኪናው ተገዛ።

የመኪናው ባትሪ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይይዛል። ከቤታችን ተራ ሶኬት በአንድ ሰዓት የሚያገኘው ግን ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ ባዶውን ለመሙላት 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ምጣዱና መኪናው በአንድነት መሥራት አይችሉምና፥ የመኪናው ገመድ ተነቅሎ ምጣዱ ይቀድማል። ልጆቻችንም ከመተኛታቸው በፊት «ስንት በመቶ ደረሰ?» ብለው መጠየቅ ልማዳቸው ሆነ።

ክብደትን ዳገት ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል አገራችን ከጥንት ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት በኩል መንገድ እያስጠረጉ ነበር። እኛም ከባሕር ዳር ተነሥተን ነፋስ መውጫ ስንደርስ ከ1,200 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥተናል። ሰውና ጓዝ የያዘ ሁለት ሺሕ ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ለማንሣት ብቻ ወደ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ በሜዳው የሚፈጀው ሌላ ነው። ነገር ግን ሁለት መልካም ነገር አለው። አንደኛው፥ የቤንዚን ሞተር በደጋ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ሲደክም፥ የኤሌክትሪኩ ሞተር አየር የማይሻ ስለ ሆነ በጉና ትከሻ ላይም እንደ ቆላው ይጎትታል። ሁለተኛው፥ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭ ይሆንና ከወጣው ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል።

ጉድለቱንም ልሰውር አልወድም። ባትሪው ከወለሉ በታች ስለ ሆነ ድንጋይ ያፈጠጠበትን የገጠር መንገድ እንፈራለን። ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ዘመድ ለመጠየቅ ስንሄድ መንገዱ ሲከፋ መኪናውን ከሰው ደጅ አቁመን የቀረውን በእግር ወይም በበቅሎ እንጨርሳለን። ደግሞም ድምፅ ስለሌለው በገበያ ቀን አህያ የሚነዱ ሰዎች መምጣቱን አይሰሙም፤ ስለዚህ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ መሄድ ግድ ነው። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጡበት ዕለት «ልጄ፥ ይህ በቅሎህ አይተነፍስም፤ ሞቶ እንደ ሆነ እየው» ብለውኛል።

ባለፈው ዓመት በኅዳር፥ ውርጭ በጠነከረበት ሰሞን፥ አባቴን በሌሊት ሆዳቸውን በብርቱ አመማቸው። ሐኪም አይቶ «ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋልና ሳይዘገይ ደብረ ታቦር ይድረሱ» አለ። ከተማው መብራት ካጣ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ በባትሪውም የቀረው 38 በመቶ ብቻ ነበር። መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለቤቴ በሻማ ብርሃን በልጆቹ ደብተር ላይ ሒሳቡን ሠራች፤ ማሞቂያው ካልተከፈተና ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ካላለፈ ይደርሳል የሚል ሆነ። ቀድሞ የተከራከረችኝ እርሷ ነበረች፤ በዚያች ሰዓት ግን አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገረችም።

ሊነጋጋ ሲል አባቴን በሁለት ጋቢ ጠቅልለን ተነሣን። የትንፋሻችን እንፋሎት መስታወቱን ይሸፍን ነበርና ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውል ነበር። ክምር ድንጋይ ላይ ቁጥሩ 15 ሆነ፤ እኔም ላብ አጠመቀኝ። ወደ ጋሳይ ቁልቁል ስንጀምር ግን 16፥ ቀጥሎም 17 አለ። «አባባ፥ ቁልቁለቱ መለሰልን፤ አይዞዎት» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥርሳቸውን ነክሰው «የወሰደውን የሚመልስ ዳገት ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። ከሆስፒታሉ በር ስንደርስ 9 ቀርቶ ነበር። አባቴም በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ዳኑ።

መኪናውን በደብረ ታቦር ዘመዳችን ቤት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሰክተን አሳደርነው። ቀድሞ ለእንግዳ በቅሎ ገብስና ድርቆሽ ይቀርብ ነበር፤ ዛሬ ሶኬት ይጠቆማል። ባለቤቴ ግን «ቆጣሪ ዘመድ አያውቅም» ብላ፥ በተመለስን በሳምንቱ ለባለቤቶቹ አንድ ጆንያ የጋይንት ድንች ላከችላቸው።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንድ ሕግ ወጣ፤ መብራት ባለበት ቀን መኪናው ከ60 በመቶ በታች ሆኖ አያድርም። የተረፈውን የሚቆጥር የለም፤ የሚያስፈልገውን ግን አስቀድሞ ያልቆጠረ በጭንቅ ሰዓት ከመንገድ ይቀራል። ይህም ለገንዘብና ለእህል ያው ነው።

አባቴ አሁን ደኅና ናቸው። በአንድ እሑድ ልጆቼ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁኝ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና እንደሚገቡ፥ ከጣናም ውሃው በመሬት ውስጥ በተቆፈረ መተላለፊያ ወርዶ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን፥ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የጣና በለስ ጣቢያ እንደሚያንቀሳቅስ ነገርኋቸው። የጣቢያዎቹ ሁሉ ኃይል በመስመሩ ይቀላቀላልና የእኛ ይህ ነው ብሎ መለየት አይቻልም፤ ቢሆንም ከጉና የወረደው ዝናም ጥቂቱ እኛን መልሶ ጉና ላይ ያወጣን ይሆናል። አባቴ ይህን ሲሰሙ ወደ ባዶው የባሕር ዛፍ ቦታ ተመለከቱና «ዛፌ በተቆረጠ ጊዜ ጥላዬ ሄደ ብዬ አዝኜ ነበር፤ ለካ ሊሸከመኝ ኖሯል» አሉ። በክረምቱም ከልጆቹ ጋር በዚያው ቦታ አዲስ ችግኝ ተከሉ።