የመስቀል ወፍ በኅዳር

ባለፈው እትማችን ስለ ወፎች እንጽፋለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። ራሽን ባነሰበት ወር ወፍ መቁጠር የጠገበ ሰው ሥራ ነው ያላችሁትም ጆሯችን ደርሷል። ለዚህ መልስ የለንም፤ ያየነውን ግን እንጽፋለን።

እኛ ሦስት ነን። ከጎሮም ወደ ጁባ ለጉዳይ በሄድን ቁጥር፣ ጉዳያችን «ነገ ተመለሱ» ተብሎ ሲያልቅ፣ እግራችን ወደ ነጭ ዓባይ ዳር ይወስደናል። የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር የለንም፤ አንድ ደብተርና አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበረን። መጀመሪያ ወደ ወንዙ የወረድነውም ወፍ ልናይ አልነበረም። የባሮ ልጆች ነንና የአገራችን ውኃ በዚህ የሚያልፍ መስሎን ነው። ኋላ ካርታ ስናይ አፈርን። የባሮ ውኃ በሶባት በኩል ዞሮ ነጭ ዓባይን የሚያገኘው ማላካል አጠገብ፣ ከጁባ ብዙ ወርዶ ኖሯል። እዚህ የምናየው ከኡጋንዳ ሐይቆች የመጣውን ነው። መቀመጡን ግን አልተውንም።

ኅዳር በዚህ አገር ብርድ የለውም። ዝናቡ ያባራል፤ ሣሩ ከጫፉ ይነጣል፤ ውኃው ከዳር ይሸሻል። አባ ኮዳ መላጣ ራሱን ደፍቶ፣ የአንገቱን ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ከቆሻሻው ክምር ላይ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆሞ ይውላል። ጥቁርና ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከውኃው በላይ ክንፉን እያርገበገበ ባለበት ይቆምና እንደ ድንጋይ ይወረወራል። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹት መንገደኞችም በዚህ ወር ከመካከላቸው አሉ፤ ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለችው ትንሽ ወፍ ውኃውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት ትበራለች።

ወፎች ብርድ ሲገባ የት ይደርሳሉ የሚለውን ጥያቄ የአውሮፓ ሰዎች ለብዙ ዘመን ተከራክረውበታል፤ ጭቃ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ የሚልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ዓ.ም. ግን ጀርመን አገር ክሉትስ በምትባል መንደር አጠገብ የተገደለች አንዲት ሽመላ አንገቷ ላይ የአፍሪካ ጦር እንደተሰካ ተገኘች። ያን ጦር ተሸክማ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ገብታለች ማለት ነው። ይህን ከሰማን ወዲህ ያጣነውን ወፍ ሁሉ «አገር ለቋል» እንል ጀመር። ስሕተታችንም ከዚህ ተነሣ።

የመስቀል ወፍ የሚለውን ስም በአገራችን ሁሉም ለየራሱ ወፍ ይሰጠዋል። እኛ የምንለው ቀዩን ነው፤ ፊቱና ሆዱ ጥቁር፣ ጉሮሮው ፍም የመሰለውን። መስከረም 17 ቀን ከወንዙ ዳር ካለው ረጅም ሣር ውስጥ 23 ቆጥረን፣ ያን ዕለት ደመራ ያየን ያህል ደስ ብሎን ተመለስን። በኅዳር ስንሄድ አንድ እንኳ የለም። ሣሩ ውስጥ ድንቢጥ የሚመስሉ ቡናማ ወፎች ብቻ ይንጫጫሉ። እነሱን አልቆጠርናቸውም። ከመካከላችን እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከጋምቤላ የወጣው ጓደኛችን ደብተሩን ተቀብሎ ከቀዩ ወፍ ስም ፊት «ተሰደደ» ብሎ ጻፈ። ሌላ ቃል አልመጣለትም፤ ለእኛም አልመጣልንም።

የዚያን ዕለት ማታ ወደ ሰፈር ስንገባ አንዲት እናት ማሽላቸው መካከል ከተሠራው ማማ ላይ ሆነው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ። ሰላም ብለን፣ ቀዩ ወፍ መሄዱን እንደ ትልቅ ወሬ ነገርናቸው።

«የት አባቱ ይሄዳል፣ ልጆቼ?» አሉን። «ልብሱን ነው ያወለቀው። ይኸው ቡናማውን ለብሶ ማሽላዬን የሚጨርሰው ማን ሆነና? እናንተ ሲያምርበት ብቻ ነው የምታውቁት።»

አላመንናቸውም። ወዲያው አንድ ልጅ በክር ወጥመድ የያዛቸውን አምስት ወፎች ይዞ መጣ። አራቱ ሞተዋል። በሕይወት ያለው ቡናማ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ግን ገና ያልረገፉ ሦስት አራት ቀይ ላባዎች ቀርተዋል። በወንዙ ዳር ሳንቆጥር ያለፍናቸው እነሱው ኖረዋል። ወንዱ ቀይ የሚለብሰው በዝናቡ ወራት፣ ጎጆ ሠርቶ ሴት በሚጠራበት ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ሲያልፍ ላባውን ይጥልና ሴቷን ይመስላል።

ጓደኛችን ወፉን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ብዙ ቆየ። ልጁ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

«ቲቸር፣ እራቴ ነው» አለ።

ምን ይባላል? እኛም የዚያን ዕለት ያለ ምሳ ነበርን፤ የልጁን አስቀርተን የወፉን እናዝንለት ዘንድ ማን ሾመን? አራቱን ለልጁ ተውንለት። ለአምስተኛው ግን ጓደኛችን ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰጠው። ልጁ እጁ መዳፍ ላይ ሞክሮ፣ መጻፉን አይቶ፣ ሮጠ።

ወፉን ለቀቅነው። የሄደው ቀጥ ብሎ ወደ እናታችን ማሽላ ነው። እሳቸውም እስከ ዛሬ ሰላምታችንን በግማሽ አፍ ነው የሚመልሱልን፤ እውነት አላቸው።

ይህ ጽሑፍ በእርሳስ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነውና የደበዘዘ ፊደል ብታገኙ ይቅርታ እንጠይቃለን። እስክሪብቶ የተረፈው ካለ ለሚቀጥለው እትም ያውሰን።