በአንድ ግመል የሚጫን ቤት

አባቴ መልካ ወረር የጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይጠግን ነበር። የምንኖርበት ቤት ቆርቆሮ ስለነበረ በቀትር እንደ ምጣድ ይግላል። እናቴ ልብስ ማጠቢያዋን ይዛ ጥላ ፍለጋ ስትወጣ፣ እኔ ወተት ወደምታመጣልን የአፋር እናት ቤት፣ ወደ ዳቦይታዋ እሮጣለሁ። ጎንበስ ብዬ ስገባ ዓይኔ ለጊዜው ይጨልማል፤ ቀጥሎ ሰሌኑን አልፎ የሚገባው ነፋስ ፊቴን ይዳስሰኛል። በዚያ ሐሩር ውስጥ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ የነበረው ከሰሌንና ከእንጨት በተሠራው ቤት ነበር እንጂ በእኛ አልነበረም።

ዳቦይታን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እንጨቱን አጉብጠው እንደ ጎድን አጥንት ይተክሉና በላዩ ሰሌን ያለብሱታል። ሰሌኑ የሚሠራው አፋሮች ኡንጋ ከሚሉት፣ ግንዱ መንታ እየሆነ ከሚያድገው ዘንባባ ነው። ቅጠሉ ገና ሳይዘረጋ ይቆረጣል፤ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ይጎነጎናል። ያቺ እናት ከሰው ጋር እያወራች ስትጎነጉን አንድም ቀን ጣቶቿን ስታይ አላየሁም። ወተት መያዣውም ከዘንባባ የተሠራ ነበር፤ በእንጨት ጭስ ታጥኖ ወተቱ ሳይበላሽ ይቆያል። ያ የጭስ ጣዕም ዛሬም ምላሴ ላይ አለ። እኛ ልጆች የኡንጋን ፍሬ ስናኝክ እንውላለን፤ ትልልቆቹ አዳይቶ የሚሉትን መፋቂያ ከአፋቸው አይለዩም።

አንድ ጊዜ የዚያች እናት ወንድም ከሰሜን፣ ከዳባሁ ተራራ አካባቢ መጣ። እዚያ ወንዝ የለም፤ ከመሬት ስንጥቅ እንፋሎት ይወጣል። ሰዎቹ በስንጥቁ ላይ ድንጋይ ይቆልሉና እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ሲንጠባጠብ ውኃውን ያጠራቅማሉ። «አጎቴ፣ ከድንጋይ ውኃ ይጠጣል?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ልጄ፣ ታግሦ ለጠበቀ ይጠጣል» አለኝ። እሳተ ገሞራ ከሚያጨሰው ምድር የሚጠጣ ውኃ ማውጣት በየትኛውም ትምህርት ቤት ቢሆን ትልቅ ጥበብ ነው፤ እኛ ግን ያኔ ሰዎቹን «ያልሠለጠኑ» እንል ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አንድ ማለዳ ስሄድ ዳቦይታው የለም። ሌሊቱን ነቅለው፣ ሰሌኑን ጠቅልለው፣ በግመል ጭነው ሄደዋል። መሬቱ ላይ የቀረው ክብ ምልክትና የሦስት ጉልቻ አመድ ብቻ ነበር። አላለቀስኩም፤ ሣሩ ሲያገግም እንደሚመለሱ አውቅ ነበር።

ሣሩ ግን አላገገመም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዋሽ ዳር የበጋ ግጦሽ ለጥጥ ሲታረስ ቆይቷል። በ1970ዎቹ ደግሞ ለጥላና ለነፋስ መከላከያ ተብሎ ከባሕር ማዶ የመጣ እሾሃማ ዛፍ ተተከለ፤ አፋሮች ደርጊ ሐራ፣ የደርግ ዛፍ አሉት። ከብቶች ጣፋጭ ፍሬውን ይበላሉ፤ ዘሩ ሳይፈጭ በእበታቸው ይወጣና በደረሱበት ሁሉ ይበቅላል። ዛሬ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። ሣር ከሥሩ አያበቅልም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ዳቦይታው የነበረበትን ቦታ እሾህ ዘግቶታል፤ ወደ ውስጥ መግባት አልቻልኩም። መንገድ ዳር በሸራ የተሸፈነ ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ኡንጋ ከየት እንደሚያመጡ ጠየቅኳቸው፤ እጃቸውን ወደ ሩቅ አወዛወዙ። ከጎናቸው የተተረተረ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር። ነጩን ክር እየመዘዙ ይጎነጉናሉ፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር።