በ«በተለይም» የቀሩ ሃያ ዓመታት

በርትዊስል የሚባል ብርቅዬ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም አለ። ሙዚቃ የሚከታተል ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ካረፈው አቀናባሪ ከሃሪሰን በርትዊስል ያውቀው ይሆናል። ላንካሸር ውስጥ፣ ፓዲሃም አጠገብ የነበረ ቦታ ስም ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ የወፍ ጫጩቶች ያሉበት የወንዝ መገናኛ እንደማለት። ቦታው ጠፋ፤ ስሙ ሰው ላይ ቀረ።

ይህን ያህል እንኳ መናገር የተቻለው አገሩ ስለታወቀ ነው። መጀመሪያ የታየበት አጥቢያ ያልታወቀ ስም ሲሆን ግን፣ የሚመስል ቃል ከመዝገበ ቃላት እየመዘዙ መገመት ብቻ ነው ትርፉ። ሳይጻፍ ቀርቶ ቢሆን ምን ይደረጋል፣ ይባል ነበር። አንጀት የሚያሳርረው ተጽፎ መጥፋቱ ነው።

በ1538 የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ ቀኝ እጅ ቶማስ ክሮምዌል ለየአጥቢያው ቄስ ትእዛዝ አወረደ። ክርስትና የተነሣው፣ የተጋባውና የተቀበረው በየእሑዱ ይመዝገብ፤ መዝገቡ ባለሁለት ቁልፍ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ቸል ያለ 3 ሺሊንግ ከ4 ፔኒ ይቀጣ። ሕዝቡ «ደግሞ ምን ግብር ሊጥሉብን ነው?» ብሎ አጉረመረመ። ቢሆንም በብዙ ቦታ ተጻፈ፤ በአብዛኛው በወረቀት።

ያን ጊዜ ብርቅዬ ስም የያዘ ገበሬ ስሙ ከተገኘበት መንደር ብዙም ሳይርቅ ሊገኝ ይችል ነበር። በ1557 የገባው የጉንፋን ወረርሽኝ እስከ 1559 ስንቱን ጠረገ! ከእነዚያ ሙታን የብዙዎቹ ስም የሰፈረው በዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያ በ1598 ንግሥት ኤልሳቤጥ ያጸደቀችው ደንብ መጣ። ወረቀቱ እያለቀ ነውና ብራና ተገዝቶ የድሮው መዝገብ ሁሉ ይገልበጥ የሚል ነው። እሰየው የሚያሰኝ ደንብ ነበር፣ አንዲት ሐረግ ባትታከልበት፦ በተለይም ከግርማዊት ንግሥት የመጀመሪያ የንግሥና ዓመት ወዲህ ያለው። ይኸውም 1558 ነው።

ወይ ነዶ! ብራናውንም ጸሐፊውንም ከራሱ ኪስ የሚከፍል አጥቢያ ሌላ ምን ሰበብ ይፈልጋል? ጸሐፊው ወረቀቱን እጁ ላይ ይዞ፣ የሃያ ዓመቱን ሙሽራና ሟች ገጽ በገጽ እያለፈ፣ 1558 ላይ ሲደርስ ብዕሩን ቀለም ነከረ። «በተለይም» ተብሎ የተጻፈውን «ብቻ» ብሎ አነበበው። ግልባጭ ከተገኘ ደግሞ አሮጌ ወረቀት ማን ይጠብቃል?

ዛሬ የስንቱ አጥቢያ መዝገብ የሚከፈተው በ1558 ነው። ብርቅዬ ስም የያዘው ሰው ጎልማሳ ሆኖ፣ ልጁን ሲቀብር ብቅ ይላል። አባቱ ማን ነበር? ከየት መጣ? የለም።

ሥራው ከአቅም በላይ ነበር እንዳይባል፣ ከ1538 ጀምረው ሙሉውን የገለበጡ አጥቢያዎች አሉ። ብራናቸው ዛሬም ይነበባል።